የሦስት ወረቀቶች ቀን፦ «ሙራባሃ ስሙን የቀየረ ወለድ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ከወለድ ነፃ የሚባለው አሠራር ታርጋው ተቀየረ እንጂ መኪናው ያው ነው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። የጸሐፊው ክስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሙራባሃ (ባንኩ ዕቃ ገዝቶ፣ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በዱቤ የሚሸጥበት ውል) ወለድ ነው፤ ለጊዜ ዋጋ የማይሰጥ ትምህርት ከገበያ ጋር አይሄድም፤ መቀጫ ስለሌለ ዕዳ አይከፈልም፤ ወለድ የማይታሰብለት ቁጠባ በዋጋ ንረት ያልቃል፤ ዘካ (ሙስሊም ከሀብቱ በየዓመቱ እንዲያወጣ የታዘዘው ምጽዋት) የነጋዴውን ካፒታል ይበላል፤ ሃይማኖት ስለ ሥራ አመራር የሚለው ነገር የለውም፤ በተግባር የሚሠራውም የወረቀት ጨዋታ ነው። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር በከፊል ስለምንስማማ እሱን ወደ ኋላ አቆይተነዋል።

«600 ሺህ አውጥቶ 720 ሺህ የሚሰበስብ ባንክ ሌላ ምን ይባላል?»

ጸሐፊው ያነሡት ምሳሌ ጥሩ ነውና እሱኑ እንያዝ። አንዲት ነጋዴ ዋጋቸው 600,000 ብር የሆነ የልብስ ስፌት ማሽኖች ያስፈልጓታል። አንዱ ባንክ ገንዘቡን በወለድ ያበድራታል። ሌላው ማሽኖቹን ገዝቶ በ720,000 ብር ይሸጥላታል፤ ክፍያው በወር 30,000 ብር፣ በ24 ወር የሚያልቅ ነው። ጸሐፊው የሁለቱን ድምር ጎን ለጎን አስቀምጠው «ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?» ይላሉ።

ክርክሩ የቆየ ነው። የቁርኣን ሁለተኛ ምዕራፍ የሆነው የአል-በቀራ 275ኛው አንቀጽ «ንግድ እኮ እንደ ወለድ ነው» ያሉትን ሰዎች ቃል ጠቅሶ፣ አላህ ንግድን ፈቅዶ ወለድን እርም እንዳደረገ ይመልሳል። የንግድ ትርፍ ከወለድ ያነሰ ይሆናል የሚል ቃል እዚያ የለም፤ ሊበልጥም ይችላል። ስለዚህ ድምሩን ትቶ ሥራውን መመርመር ይሻላል።

ሙራባሃ በሥርዓቱ ሲሠራ እንዲህ ነው። ደንበኛዋ የምትፈልገውን ዕቃ ከነመግለጫውና ከነፕሮፎርማው ታቀርባለች፤ ባንኩ ከገዛው እንደምትወስደው ቃል ትገባለች። ይህ ቃል ነው፤ ሽያጭ ገና አልሆነም። ቀጥሎ ባንኩ በራሱ ስም ይገዛል፣ ገንዘቡን በቀጥታ ለአቅራቢው ይከፍላል፣ ዕቃውን ራሱ ወይም በወኪሉ ይረከባል። ከተረከበ በኋላ የገዛበትን ዋጋ እና የጨመረውን ትርፍ ለይቶ ይነግራታል፤ የሽያጩ ውል የሚፈረመው ያኔ ነው። ከአቅራቢው ያገኘው ቅናሽ ካለ እሱም መነገር አለበት፤ ሙራባሃ በእምነት የሚደረግ ሽያጭ ስለሆነ የመግዣ ዋጋውን ያጋነነ ሻጭ የገዢውን መብት ነክቷል። የቅደም ተከተሉ መሠረት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለባልደረባቸው ለሐኪም ኢብኑ ሒዛም የተናገሩት ነው፦ «አንተ ዘንድ የሌለውን አትሽጥ።»

ማሽኖቹ ከባንኩ ርክክብ በኋላ፣ ለነጋዴዋ ከመሸጣቸው በፊት ቢቃጠሉ የከሰረው ባንኩ ነው። ስውር ጉድለት ቢገኝባቸውም ለእሷ የሚጠየቀው እሱ ነው። አበዳሪው ባንክ ግን ማሽኑ ነደደም ዛገም ብሩን ይጠብቃል። ሐሳቧን ብትቀይርስ? ባንኩ ለቃሏ መያዣ 60,000 ብር ተቀብሎ ነበር እንበል፤ ማሽኖቹን ለሌላ ሰው በ570,000 ብር ከሸጠ፣ ከመያዣው የሚያስቀረው የከሰረውን 30,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 30,000 ይመለስላታል። «120,000 ብር ትርፍ አመለጠኝ» ብሎ ሊቆርጥባት አይችልም።

ከሽያጩ በኋላ 720,000 ብሩ የዕቃ ዋጋ ሆኖ ቆሟል። ገበያ ቀዝቅዞባት የ24 ወሩን ክፍያ በ34 ወር ብትጨርስ፣ የምትከፍለው ያው 720,000 ነው። ብድር ቢሆን ኖሮ አሥሩ ወር የራሱን ወለድ ይዞ በመጣ ነበር። ነጋዴዋን የማይጠቅም ነገርም አለ፤ ጸሐፊው ይህን አለማንሣታቸው ያስገርማል። ብድር ቀድሞ የከፈለ ሰው ጊዜው ያልደረሰ ወለድ ይቀርለታል። ሙራባሃ ላይ ግን ቅናሹ ባንኩ በፈቃዱ ካላደረገላት መብቷ አይደለም፤ አስቀድሞ በውል መጻፉንም የዘመኑ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ጉባኤዎች አልፈቀዱም። ቶሎ ለመክፈል የሚያስብ ሰው ባንኩ በልማድ ምን ያህል እንደሚቀንስ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ።

«ጊዜ ዋጋ ከሌለው ዱቤ ለምን ይወደዳል?»

ጊዜ ዋጋ የለውም ያለው ማን ነው? በአራቱም መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ ትምህርት ዘርፎች) ያሉ አብዛኞቹ ሊቃውንት ለዱቤ ሽያጭ ከእጅ በእጅ የበለጠ ዋጋ መቁረጥን ፈቅደዋል። ቅድመ ሁኔታው ሻጭና ገዢ ሳይለያዩ አንዱ ዋጋ መወሰኑ ነው። «በእጅ ከሆነ 600፣ በዱቤ ከሆነ 720፤ የትኛው እንደሆነ ኋላ እናያለን» ብሎ መለያየት ሽያጩን ያበላሸዋል። እርም የሆነው ብርን በብር አበላልጦ መስጠት፣ እንዲሁም አንዴ ዕዳ ሆኖ የተቆረጠውን ገንዘብ በቀን ብዛት ማሳበጥ ነው።

ጊዜ በተቃራኒው ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ሰለምን ይመልከት። በሰለም ገዢው ገንዘቡን ዛሬ ይከፍላል፣ ምርቱን ከወራት በኋላ ይረከባል፤ ስለዚህ በርካሽ ይገዛል። ይህም የተፈቀደ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ቡናውን በአበባው ሲሸጥ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ሰለም አይደለም። ገዢው «የዚህን ማሳ ፍሬ» ብሎ ሲገዛ ገና ያልታየ፣ በረዶ ሊያረግፈው የሚችል ፍሬ ገዝቷል፤ ነቢዩ ፍሬ ሳይበስል መሸጡን ከልክለዋል። ወደ ሰለም ለመለወጥ ውሉ ከማሳው ጋር መተሳሰሩ ይቅር፤ ይህን ያህል ኩንታል፣ በዚህ ደረጃ የታጠበ ወይም ጀንፈል፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ተብሎ ይጻፍ፤ ዋጋውም ሙሉ በሙሉ እዚያው ይከፈል። ግማሹን አሁን ግማሹን በርክክብ የሚል ሰለም የለም፤ ዕዳን በዕዳ መሸጥ ይሆናል። የማሳው ቡና ቢጠፋ ገበሬው የተባለውን ዓይነት ከሌላ ገዝቶ ማስረከብ አለበት። ካልተገኘ ገዢው ወይ ይጠብቃል፣ ወይ የሰጠውን ብር ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመለስለታል።

ጸሐፊው እቁብንም ለክርክራቸው ጠቅሰዋል፤ መጀመሪያ የሚወጣለት ሰው ይጠቀማልና እቁብም ወለድ ነው ማለታቸው ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር 10,000 ብር ቢጥሉ እያንዳንዱ 120,000 ያወጣል፣ 120,000 ያገባል። ትርፍ የለም፤ ያለው ተራ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ ከፍተኛ ሊቃውንት ምክር ቤትም በሠራተኞች መካከል የሚደረገውን እንዲህ ያለ ማኅበር በአብላጫ ድምፅ ፈቅዶታል። ወለዱ ሹልክ ብሎ የሚገባው ዕጣ ሲሸጥ ነው። የወጣለትን 120,000 ብር ለቸኮለ ሰው አስተላልፎ የዚያን ሰው ተራ ከ5,000 ብር «ጉርሻ» ጋር የሚቀበል ሰው ብር አበድሮ ብር ከነጭማሪው ወስዷል። ተራን በነፃ መለዋወጥ ግን ደግ ሥራ ነው።

«መቀጫ ከሌለ ማን ይከፍላል?»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ተበዳሪዎችን አንድ አድርገዋል። የተቸገረውን በተመለከተ ቁርኣን (2፡280) እስኪያገኝ ይጠበቅ ይላል፤ ብትተዉለት ይበልጣል ሲልም ይጨምራል። እያለው የሚያጓትተውን ግን ነቢዩ «የባለጸጋ ማዘግየት ግፍ ነው» ብለውታል። ለእንዲህ ያለው ሰው በውሉ ላይ አስቀድሞ የሚፈርመው ግዴታ አለ፤ በዘገየ ቁጥር የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፣ ገንዘቡ ግን ለበጎ አድራጎት በተለየ ሒሳብ ይገባል። ባንኩ ከገቢው ጋር ሊደምረው አይችልም፤ በደንበኛ መዘግየት ማትረፍ ከጀመረ መዘግየቱን ይወደዋልና።

ማስያዣም አለ። 2፡283 መያዣን በስሙ ጠቅሶ ፈቅዷል፤ ነቢዩ ራሳቸው በመዲና ከአንድ አይሁዳዊ ገብስ በዱቤ ሲገዙ ጥሩራቸውን አስይዘዋል። ባንኩ ቤት ወይም የመኪና ሊብሬ መያዙ፣ ዋስ መጥራቱ፣ ካልተከፈለው መያዣውን አሽጦ ቀሪውን ለባለቤቱ መመለሱ ሁሉ ቦታ አለው።

የዋጋ ንረቱን ጉዳይ በአጭሩ እንለፈው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ፤ በ2022 የሀገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 7 በመቶ ያገኘውም ምንም ያላገኘውም ሁለቱም ተበልተዋል። ከግሽበት የሚያድን ወለድ የነበረ ይመስል መከራከር አያስኬድም። ባንክ ውስጥም ሁለት ዓይነት ሒሳብ መኖሩን ጸሐፊው አልነገሩንም። ወዲዓ ገንዘቡ ሳይጎድል በፈለጉት ቀን የሚወጣበት ነው፤ ትርፍ የለውም። ሙዳራባ ደግሞ ባንኩ ነግዶ ትርፉን በተነገረ ድርሻ፣ ለምሳሌ 60 ለ40፣ የሚያካፍልበት ነው፤ ኪሳራ ቢመጣ ያስቀማጩን ዋና ገንዘብ ይነካል። «አይጎድልብኝ፣ ትርፍም ይታሰብልኝ» የሚለውን አንድ ላይ የሚሰጥ ሒሳብ የለም። ወዲዓ ከፍቶ ዓመት ሙሉ ትርፍ የጠበቀ ሰው በባንኩ ሳይሆን በፈረመው ፎርም ላይ ይዘን።

«ዘካ ከሀብት ሁሉ 2.5 በመቶ እየቆረጠ ነጋዴውን ያደኸያል»

በጽሑፉ ውስጥ ትልቁ የሒሳብ ስህተት ይህ ነው። ጸሐፊው ሕንፃውን፣ የጭነት መኪናውንና መደርደሪያውን ሁሉ ደምረው 2.5 በመቶ ቆርጠውበታል። ለሥራ የተቀመጠ ቋሚ ንብረት ዘካ የለውም። ዘካ ያለው የሚዞረው ገንዘብ ላይ ነው፤ ያም ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ሲደርስና የጨረቃ ዓመት ሲሞላው።

የአንድ የመርካቶ ሱቅ ሒሳብ እንሥራ። ለሽያጭ የተቀመጠ ዕቃ፣ በተገዛበት ሳይሆን በዕለቱ የመሸጫ ዋጋ ተገምቶ፣ 1,200,000 ብር። በእጅና በባንክ ያለ 300,000። ይከፈላል ተብሎ የሚታመን የዱቤ ገንዘብ 150,000፤ የሞተ ዱቤ አይገባም፣ ተስፋ የተቆረጠበት ገንዘብ ሲገኝ ያኔ ይታያል። ድምሩ 1,650,000 ነው። ለአቅራቢዎች፣ ለኪራይና ለግብር መከፈያው የደረሰ 450,000 ሲቀነስ 1,200,000 ይቀራል፤ ዘካው 30,000 ብር ነው። ሒሳቡን በሰኔ 30 የሚዘጋ ነጋዴ የፀሐይ ዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ስለሚረዝም 2.577 በመቶ ያስባል፤ 30,924 ብር ይመጣል።

ሰው የሚሳሳተው ዕዳ ሲቀንስ ነው። የአሥር ዓመት የቤት ዕዳ ይዞ «ዕዳዬ ከሀብቴ ይበልጣል» ብሎ ዘካ የሚያስቀር ሰው አለ። ዕዳ ይቀነሳል ከሚሉት የዘመኑ ሊቃውንት ብዙዎቹ የሚፈቅዱት ጊዜው የደረሰውን ወይም የዚያን ዓመት ክፍያ ብቻ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ በጠንካራው አስተያየት ደግሞ ዕዳ ከነጭራሹ ዘካን አያስቀርም። በዚህ መንገድ የሚሄድ ባለሱቅ በ1,650,000 ላይ 41,250 ብር ያወጣል። በሀገራችን የሻፊዒ ተከታይ ብዙ ነውና የትኛውን እንደሚከተሉ የሚያውቁትን ሸኽ ጠይቆ በየዓመቱ በዚያው መጽናት ነው፤ ገንዘቡ የቀነሰበትን መዝሀብ እየመረጡ መዞር አይሆንም።

ዝም ብሎ የተቀመጠ ገንዘብን ዘካ መቀነሱ ግን እውነት ነው። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በየቲም (ወላጅ አልባ) ልጆች ገንዘብ ነግዱ፣ ዘካ እንዳይበላው ያሉት ይህን አይተው ነው።

«የሥራ አመራር ከቁርኣን አይገኝም»

የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ ጸሐፊው ቢያዩት ጥሩ ነበር። 2፡282 የዱቤ ውል እንዴት እንደሚጻፍ የሚያዝ ነው፦ ጸሐፊ ይኑር፣ ቃሉን የሚያስጽፈው ባለዕዳው ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይቁም፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ ከነመክፈያ ጊዜው መጻፍ አይታክታችሁ። ባለዕዳው ያስጽፍ መባሉ ለዛሬም ትምህርት አለው፤ ግዴታ የሚገባው ሰው የሚፈርመውን በራሱ ቃል መናገር መቻል አለበት።

ከእኛ ነጋዴ ቤት ብዙውን ጠብ የሚያመጣው ይህ አለመጻፉ ነው። ወንድማማቾች ሱቅ ይከፍታሉ፤ አንዱ 700,000፣ ሌላው 300,000 ብር ያዋጣል፣ ሁለተኛው ሱቁ ውስጥ ይውላል። «ትርፉን እኩል» ይላሉ፤ በሐነፊና በሐንበሊ መዝሀብ ይህ ይሆናል፣ የሚሠራው ሰው ድካሙ ታስቦለታል። ሻፊዒዎችና ማሊኪዎች ትርፍም እንደ መዋጮው ይሁን ይላሉ፤ ለሚሠራው ለብቻው ደመወዝ መቁረጥ ይቻላል። ኪሳራው ግን በሁሉም ዘንድ 70 ለ30 ነው፤ «ኪሳራም እኩል» ብሎ መፈራረም አይያዝም። ባለሱቁ ለቤቱ ዘይትና ስኳር ሲያነሣ በዋጋው ተጽፎ ከድርሻው ይቀነስ፤ ዓመት ሲሞላ የሚያጋጨው የከሰረው ገንዘብ ሳይሆን ያልተጻፈው ዘይት ነው።

ከዚህ የባሰው «ገንዘብህን ስጠኝ፣ ከመቶ ሺው በወር አራት ሺህ እሰጥሃለሁ» የሚለው ነው። ባንክ የለበትም፣ ወለድ የሚል ቃል የለበትም፣ ሁለቱም ሰጋጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገሩ ግን ወለድ ነው። ሙዳራባ እንዲሆን የሚከፈለው ከትርፉ ድርሻ መሆን አለበት፦ ግማሽ፣ ሲሶ፣ የተስማሙበት። በየወሩ መውሰድ ካስፈለገ በሒሳብ ይሰጥና ዓመቱ ሲዘጋ ከእውነተኛው ትርፍ ጋር ይተራረማል፤ በልጦ የተወሰደ ይመለሳል። ነጋዴው ሳያጠፋ 200,000 ብር ቢከስር ገንዘቡ የባለገንዘቡ ነው፣ የነጋዴው ኪሳራ የደከመበት ጊዜ ነው። ካጠፋ፣ ለምሳሌ በዱቤ እንዳይሸጥ ተነግሮት በዱቤ ከሸጠ፣ ይከፍላል።

ስለ ጥቅም ግጭትም እንጨምር። የበስራው አስተዳዳሪ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ከግምጃ ቤት ገንዘብ ለዑመር ሁለት ልጆች አበደሩ፤ ልጆቹ በኢራቅ ዕቃ ገዝተው መዲና አምጥተው አተረፉ። የዑመር ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ለሠራዊቱ ሁሉ እንዳበደራችሁ አበደረ?» አይደለም ሲሉ ዋናውንም ትርፉንም መልሱ አሏቸው። አንዱ ልጅ «ቢጠፋ እኛ እንከፍል ነበር» ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ነገሩ እንደ ሙዳራባ ተቆጥሮ ግማሹ ትርፍ ለግምጃ ቤት ገባ። በኩባንያው ገንዘብ ለዘመዱ ቅድመ ክፍያ የሚለቅ ሥራ አስኪያጅ ይህን ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ቢጽፈው አይጎዳውም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጨዋታ። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በሕግ ለመጀመር መንገድ ያገኘው በአዋጅ 592/2000 (እ.ኤ.አ. 2008) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው መመሪያ የፈቀደው ግን በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት እንዲሠራ ብቻ ነበር። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ የተፈቀደው በ2019 ሲሆን፣ ዘምዘም እና ሂጅራ ባንኮች ሥራ የጀመሩት በ2021 ነው። የወለድ ብድር ለዓመታት የለመደ ሠራተኛ የሙራባሃን ፎርም እንደ ብድር ፎርም ሲሞላው ማየት እንግዳ አይደለም። ጸሐፊው ይህን አይተው ከሆነ የጻፉት፣ ያዩት እውነት ነው።

ስለዚህ ፋይሉን ከፍቶ የሦስት ወረቀቶችን ቀን ማየት ይበቃል፦ አቅራቢው ለባንኩ የጻፈው ደረሰኝ፣ የርክክቡ ሰነድ፣ ከደንበኛው ጋር የተፈረመው የሽያጭ ውል። ሦስተኛው ከሁለተኛው ከቀደመ ባንኩ የሌለውን ሸጧል። ደረሰኙ በደንበኛው ስም ከሆነ ባንኩ ጭራሽ አልገዛም። ገንዘቡ በአቅራቢው ፋንታ በደንበኛው ሒሳብ ከገባ ብድር ነው። አቅራቢው ደንበኛው ራሱ ሆኖ ዕቃው ወደ ነበረበት ከተመለሰ ደግሞ ሊቃውንት ዒና ብለው ያወገዙት ብልሃት ነው። ለሠራተኛ ደመወዝ ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ድርጅት ዕቃ በዱቤ ገዝቶ ባንኩ ራሱ እንዲሸጥለት የሚደረገውን የተደራጀ ተወሩቅም ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሻርጃ ላይ ከልክሎታል። ጸሐፊው ከመጻፋቸው ብዙ ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው የመጀመሪያውን ዕዳ መክፈል ላቃተው ደንበኛ ሁለተኛ ሙራባሃ ከፍቶ በሱ የመጀመሪያውን መዝጋት ነው። ከቀሪው 300,000 ብር ዕዳ ተነሥቶ በአዲስ ውል 360,000 ዕዳ ላይ መድረስ፣ በጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት በነበረው ዘመን) «ክፈል ወይም ጨምር» ይባል የነበረው ራሱ ነው፤ ይህ ሙራባሃ ነው ብለን አንከራከርም፣ ጸሐፊው ያወጡለት «ወለድ» የሚለው ስም ይስማማዋል።